ከአንድ ሰው ጆሮ የተቀዳ ሥልጣን

በሚያዝያ ወር 1947 ዓ.ም. ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ከጽሕፈት ሚኒስቴር ተነሥተው የአርሲ ጠቅላይ ግዛት ገዥ ተባሉ። ስሙ ሹመት ሲሆን ግብሩ ግዞት ነበር፤ በናዝሬት በኩል ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ከቤተ መንግሥት መራቂያ ሆነ።

እኚህ ከተራ ቤተሰብ የወጡ ሰው ከ1933 ዓ.ም. ድል ጀምሮ ለዐሥራ አራት ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ ዋነኛ አማካሪ ነበሩ። ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ደጅ ይጠኗቸው ነበር። ታዲያ ይህን የሚያህል ሥልጣን በአንድ ቃል እንዴት ተነነ?

መልሱን በግለሰቡ ጠባይ ብቻ መፈለግ ስሕተት ነው። የሥልጣናቸው መሠረት ሕግም የተደራጀ ሕዝብም አልነበረም፤ የአንድ ሰው ሞገስ ነበር። እነመኮንን ሀብተ ወልድን የመሰሉ ተቀናቃኞች ያንኑ ጆሮ ባገኙ ጊዜ የሚከላከልላቸው ኃይል አልተገኘም።

የአርሲ ጭሰኛስ ከዚህ የመሳፍንትና የሹማምንት ሽኩቻ ምን አተረፈ? ገዥ መጣ፣ ገዥ ሄደ፤ ጭሰኝነት ግን እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጸንቶ ቆየ።

ማዕረጉን በኋላ የወረሱት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ዘውዱን የገረሰሰው ወታደራዊ መንግሥትም የአንድን ሰው ፈቃድ በጥቂቶች ፈቃድ ተካ እንጂ ሥልጣንን በሕግ አላሰረም።

ስለዚህ ትግሉ መልካም አማካሪ ለማግኘት ብቻ መሆን የለበትም። ሿሚም ተሿሚም ለሕዝብ የሚጠየቁበትን ሥርዓት መገንባት ይገባል!