ስለ ጎተራና ስለ ምንጭ አጠባበቅ

ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን የእርሻው በሬ በበሽታ ስላለቀ፥ የሰው ሕይወት በጎተራ በቀረው እህል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስለዚህ በሉማሜና በአካባቢዋ ያለ ሹምና ባለመሬት ሁሉ ክረምት ሳይገባ ጎተራውንና ምንጩን ሊመረምር ይገባዋል። ጤፍ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስንዴና በቆሎ ግን ሳይደርቁ ጎተራ ከገቡ ይነቅዛሉ፥ ይሻግታሉም፤ የሻጋታውንም መርዝ መቀቀል አያጠፋውም። መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ይቆማልና የ15 ቀን ዱቄት አስቀድሞ ይፈጭ። ጎርፍ ያደፈረሰው ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፤ አገሩም ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ በመሆኑ፥ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ለተራበ ሕዝብ እህል ከማደል፥ አስቀድሞ ጎተራን ማስጠገን ለሹም ይቀለዋል፤ ክብሩም ይበልጣል።