ሠላሳ ዓመት የዘለቀ የሕመምተኛ ጥየቃ

ነርስ ሆኖ የፍሎረንስ ናይቲንጌልን ስም ያልሰማ የለም። ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት ግን ፍሎረንስ የአልጋ ቁራኛ በሆነችባቸው ዓመታት ሳይሰለቹ ስለጠየቋት ቄስ ነው። ስማቸው ቤንጃሚን ጆዌት ይባላል። የእንግሊዝ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህንና የጥንታዊ ግሪክ ቋንቋ ሊቅ ነበሩ። ሐኪም አልነበሩም። ሆኖም ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የታመመ ሰው ያለበት ቤተሰብ ከእሳቸው የሚማረው አለ።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከልጅነታቸው ልጀምር። ጆዌት እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው ነጋዴ ቢሆኑም ንግዱ አልቀናቸውም። ቤተሰቡ ከለንደን ሲወጣ ልጁ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ እዚያው ተከራይቶ ብቻውን ቀረ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ኦክስፎርድ፣ ቤሊዮል ኮሌጅ ገባ። በ1838 ገና ተማሪ ሳሉ የኮሌጁ አባል ሆነው ተመረጡ። ከዚያ ቀን አንስቶ እስኪሞቱ ድረስ፣ ለ55 ዓመታት፣ ከቤሊዮል አልወጡም። በ1842 ዲቁና፣ በ1845 ቅስና ተቀበሉ። ሳያገቡ ኖሩ፤ ልጆቻቸው ተማሪዎቻቸው ነበሩ ማለት ይቻላል።

በ1855 የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያው ዓመት ስለ ቅዱስ ጳውሎስ መልእክቶች ያሳተሙት መጽሐፍ ብዙ ካህናትን አስቆጣ። በ1860 ደግሞ ከሌሎች ስድስት ጸሐፊዎች ጋር ባወጡት መጽሐፍ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጎም ጻፉና ቁጣው ባሰ። በ1863 በዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤት ከሰሷቸው፤ ክሱ ሳይገፋ ቀረ። የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ እኔን የገረመኝን ልንገራችሁ። በዚህ ጠብ የተነሳ ደመወዛቸው ለአሥር ዓመት ያህል ሳይጨመር በዓመት 40 ፓውንድ ላይ ቆየ። በ1865 ሲስተካከልላቸው 500 ፓውንድ ሆነ። ልዩነቱን እናንተው አስሉት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማስተማራቸውን አላቆሙም።

እንግዲህ ከፍሎረንስ ጋር የተዋወቁት ራሳቸው በተገፉበት በዚያ ዘመን ነው። እሷ ከክሪሚያ ጦርነት በ1856 ስትመለስ አገር ሁሉ እንደ ጀግና ያያት ነበር። በዓመቱ ግን ታማ ወደቀች። ዛሬ ያሉ አንዳንድ ሐኪሞች ሕመሙ ብሩሴሎሲስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ባልፈላ ወተት ሊተላለፍ የሚችል፣ ለቀቅ እያደረገ የሚመለስ በሽታ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ዕድሜዋን ከክፍሏ ሳትወጣ አሳለፈች። ስለ ወታደሮች ጤና፣ ስለ ሕንድ አገር ንጽሕናና ስለ ነርሶች ሥልጠና የጻፈችውን አብዛኛውን የጻፈችው አልጋ ላይ ሆና ነው። እንግዳ የምትቀበለው በቀጠሮ፣ ያውም አንድ በአንድ ነበር።

በ1860 ስለ ሃይማኖት የጻፈችውን ረቂቅ አንድ የጋራ ወዳጃቸው ለጆዌት ላከላቸው። አንብበው አስተያየት ሰጧት። በ1861 ፍሎረንስ ሁለት የቅርብ የሥራ አጋሮቿን በሞት አጣች፤ አንዱ ያ ወዳጃቸው ነበር። በ1862 ጆዌት ቤቷ መጥተው አቆረቧት። መመላለሳቸውና ደብዳቤያቸው እስከ 1893 ድረስ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎም አልተቋረጠም። ከእሷ ወደ እሳቸው የሄዱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። እሷ ግን የእሳቸውን ጠብቃ አስቀመጠቻቸው፤ ከእነሱ የተመረጡት በ1987 በመጽሐፍ ታትመዋል።

የጆዌትን ጥየቃ ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ለታመመችው ሴት ሥራ ይሰጧት ነበር። አባቶቻችን አፍላጦን የሚሉትን የፕላቶን ሥራዎች ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ1871 አሳተሙ። ፍሎረንስ ለእያንዳንዱ ክፍል የጻፉትን መግቢያ አንብባ፣ እዚህ ላይ አልተስማማሁም፣ ይኼ ይታረም እያለች ጻፈችላቸው። ፕሮፌሰሩ አልተቀየሟትም። በ1875 ለወጣው ሁለተኛ እትም ሲያርሙ ከአስተያየቷ ተጠቅመዋል። በዚያን ጊዜ ሴቶች በኦክስፎርድ ዲግሪ እንደማያገኙ ስታስቡ፣ የዚህ ክብር ትልቅነት ይገባችኋል።

ሁለተኛ፣ እውነቱን ይነግሯት ነበር። ፍሎረንስ ሥራ ካልተሳካ የምትበሳጭ፣ ራሷን የምትጎዳ ሴት ነበረች። ጆዌት በደብዳቤያቸው ደጋግመው ሥራውን ቀነስ አድርጊ፣ አትቆጪ፣ እስካሁን የሠራሽውን ቁጠሪ የሚል ምክር ይሰጧት ነበር። ሁልጊዜ አልሰማቻቸውም። እሳቸውም ስላልሰማችኝ ብለው አልቀሩም።

ሦስተኛ፣ ሥራ በዝቶብኛል አላሉም። በ1870 የቤሊዮል ኮሌጅ ኃላፊ ሆኑ፤ ከ1882 እስከ 1886 ዩኒቨርሲቲውን በምክትል ቻንስለርነት መሩ፤ በመካከሉም ከግሪክ ቋንቋ ሌሎች ታላላቅ መጻሕፍትን ተረጎሙ። መንገዱ ከኦክስፎርድ ለንደን ነው። ጥየቃው ግን ቀጠለ።

በዋርድ በሠራሁባቸው ዓመታት የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ ብዙ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዘመድ፣ ጎረቤትና የዕድር ሰው ፔርሙዝና ምሳ ዕቃ ይዞ በሩን ያጨናንቀዋል። ይህ ደግነታችን ነው፤ አይጥፋብን። ሕመሙ ወራት ሲቆጥር ግን ኮሪደሩ ጭር ይላል። የመጣውም ሰው አልጋው ራስጌ ቆሞ፣ ሕመምተኛው እየሰማ፣ «ዛሬ እንዴት ዋለ? በላ ወይ?» ብሎ አስታማሚውን ይጠይቃል። ትናንት ቤት ያስተዳድር የነበረ፣ ሰው የሚያማክረው አባወራ በአንድ ጊዜ የሚወራበት ሰው ይሆናል። ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ብዙ ጊዜ ቁስሉ ብቻ አይደለም ያመመው።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ ልጆችም፣ ከቄሱ ጥቂት እንውሰድ። የረጅም ጊዜ ሕመምተኛን አሥር ሆናችሁ በአንድ ቀን ከመሄድ ተራ ግቡ፤ የምትሄዱበትን ቀን ንገሩት፤ ቀኑን ጠብቁ። ቆይታችሁ አጭር ይሁን፤ ሲደክመው ተነሱ። ስለ እሱ ከመጠየቅ እሱን ጠይቁ። ከብርቱካኑ ጋር የምታማክሩትን ጉዳይ ይዛችሁ ሂዱ፦ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የቤቱን ኪራይ ውል፣ የሽምግልናውን ነገር። አስተማሪ ከነበረ የልጅ ደብተር ያርም። ልብስ ሰፊ ከነበረች የጨርቁን ዓይነት ትምረጥ። አቅሙ የቻለውን ያህል፣ ከሐኪሙ ምክር ሳይወጣ ማለቴ ነው። በሐሳቡ ካልተስማማችሁም በትሕትና ንገሩት፤ ለታመመ ሰው ሁሉን «እሺ፣ እሺ» ማለት እንደ ሕፃን መቁጠር ነው።

ፍሎረንስ በ1858 የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆና ነበር። በ1891 የሰባ አንድ ዓመት ሴት ሳለች ኦክስፎርድ ውስጥ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ፕሮፌሰር እንዲሾም ከጆዌት ጋር ትመክር ነበር። ሐሳቡ አልተሳካም። ነገር ግን በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሕመም፣ ገና ስለ ወደፊቱ የሚያማክራት ሰው ነበራት። ጆዌት ራሳቸው በጠና ታመው በጥቅምት 1 ቀን 1893 ዐረፉ። እሷ እስከ 1910 ቆይታ በዘጠና ዓመቷ አረፈች።

በዚህ ሳምንት ስሙን ካነሳችሁ የቆየ ሕመምተኛ በቤተሰባችሁ፣ በሰፈራችሁ ይኖር ይሆናል። ምን እንደምታማክሩት አስቡና ብቅ በሉ። ለታመሙት ምሕረቱን፣ ለአስታማሚዎች ብርታቱን ይስጥልን። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።