ሰዓቱ የልብን ምት ይቆጥራል፤ ልብን ግን ማን ይጠይቃል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በእጃችሁ ያሰራችሁት ስማርት ሰዓት ጭንቀታችሁን እንደሚለካና የአእምሮ ጤናችሁን እንደሚጠብቅ ተነግሯችሁ ይሆናል። ሰዓቱን ማሰር ነቀፋ የለበትም። የምንነቅፈው፥ ወንድምን «እንዴት ሰነበትህ?» ብሎ የመጠየቅን ግዴታ ለመሣሪያ አሳልፎ የሚሰጠውን ስንፍናችንን ነው።

አስቀድመን ሰዓቱ ምን እንደሚያይ እንመርምር። ከሥሩ የሚበራው አረንጓዴ ብርሃን በቆዳ ውስጥ የሚመላለሰውን ደም እየተከተለ የልብን ምት ይቆጥራል፤ ሌላው ሴንሰር የእጅን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፤ በአንዳንዶቹም ላይ የቆዳን ላብ የሚለካ አለ። ከዚህም ተነሥቶ በስሌት «ተጨንቀሃል» ይላል። ነገር ግን ልብ በሐዘንም፣ በደስታም፣ በስግደትም ይፈጥናል። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያነጋውንም፣ በተስፋ መቁረጥ ሲገላበጥ ያነጋውንም ሰዓቱ «አልተኛም» ብሎ ይመዘግባቸዋል። የአንዱ ሌሊት ምስጋና፥ የሌላው ሌሊት ሕመም መሆኑ የሚታወቀው ሲጠየቁ ነው።

ይህን ሠሪዎቹም አልሳቱትም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 በሰዓቱና በስልኩ ላይ የስሜት መመዝገቢያ ሲጨምር፥ ባለቤቱ ስሜቱን ራሱ መርጦ እንዲያስገባ አደረገ። ለድብርት መመዘኛ ያቀረበውም ሐኪሞች ቀድሞ በወረቀት ይጠቀሙበት የነበረውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ረቂቅ መሣሪያ መጨረሻው መጠየቅ ከሆነ፥ እኛ መጠየቅን ስለ ምን ተውን?

ሌላም አለ። ለንስሐ አባት የተነገረ ምሥጢር ተጠብቆ ይኖራል፤ ለመተግበሪያ የተነገረውስ? የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት፥ የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሰሰው፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አደረገው። ስለዚህ ጭንቀታችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንባቢው ማን እንደሆነ መርምሩ።

«ታዲያ ሰዓቱ ጥቅም የለውምን?» የሚል ቢኖር፥ አለው እንላለን። ስሜቱ ከመጠን በላይ ከፍ፣ ከመጠን በላይም ዝቅ የሚል ሕመም ያለበት ሰው እንቅልፉ በድንገት ሲቀንስ ሕመሙ ሊነሣ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ይህ መዝገብ ለሐኪሙ ይጠቅማል። የአእምሮ ሕመምን የእምነት ጉድለት አድርጎ ታማሚውን ከሐኪም የሚከለክልም ከመሣሪያው ይልቅ ይጎዳዋል። ጸሎቱም፣ ጠበሉም፣ የሐኪሙም መድኃኒት ይኑሩት። ሰዓቱ ግን ምስክር እንጂ እረኛ አይሁን። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ እረኛ ግን የጠፋውን ሊፈልግ ይወጣል።

እናንተስ? ከመዝሙር ጥናት ሦስት ሳምንት የቀረችውን እኅታችሁን አስቡ። ምናልባት ሰዓቷ እንቅልፍ ማጣቷን በየሌሊቱ መዝግቦ ይሆናል፤ በሯን ግን አያንኳኳም። በሯን ማንኳኳት የእናንተ ፋንታ ነው። ዛሬውኑ ሂዱ፤ አጠገቧ ተቀመጡ፤ ሳትፈርዱ አድምጧት፤ ሕመሟ ከጠናም ወደ ሐኪም አብራችኋት ሂዱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።