ነርስ መሪነትን የምትማረው በሥራዋ ቦታ ነው

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ኻያ ኪሎ ሜትር ያኽል እንደ ሄደ መሸንቲን ያገኛል። የቸኮለ መንገደኛ ከተማዪቱን ልብ ሳይላት ያልፋል፤ የቸኮለ ባለሥልጣንም እንዲሁ። መሸንቲ ዛሬ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ከሚገኙት አነስተኛ ከተሞች አንዷ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ አራሽ ነው፤ አገሩም ክረምት ሲወጣ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ነው። ውሃ በተኛበት ቢምቢ ይራባል፤ ቢምቢም ባለበት ወባ አይታጣም። ይኸንን ገበሬው ሁሉ ያውቀዋል።

እኛ ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ወባ ለማስተማር አይደለም። እንደ መሸንቲ ባለ ቦታ በሽታ ሲገባ፣ ምጥ የጠናባት ሴት በሌሊት በቃሬዛ ስትመጣ፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ቅዳሜ ማታ ሥራውን ሲያቆም፣ ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀውና «ምን ይሻላል?» ተብላ የምትጠየቀው ማን ናት ብለን ብንመረምር፣ ነርሷ ሆና ስላገኘናት ነው። (ወንዶች ነርሶችም አያሌ ናቸው፤ «ነርሷ» ስንል እነርሱንም ጭምር ማለታችን እንደ ሆነ ይታወቅልን።) ሕዝቡ «ሲስተር» ብሎ ያከብራታል። ትምህርት ቤቷ መርፌ መውጋትን፣ ቁስል ማጠብን፣ ወላድ ማዋለድን አስተምሯታል። ሰውን አስተባብሮ አንድን ጉዳይ ከፍጻሜ ማድረስንስ ማን አስተማራት? «የነርሲንግ አስተዳደር» የሚባል ትምህርት በየኮሌጁ መኖሩን እናውቃለን፤ ነገር ግን የትምህርቱን ፈተና ማለፍና ሕዝብ በተጨነቀበት ቀን መምራት እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«መሪነት» የሚለው ቃል በየስብሰባው ስለሚነሣ ጆሮ ሰልችቶታል። ስለዚህ ትርጓሜ ከማብዛት ይልቅ በግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት ማሳየት ይሻለናል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የወባ መከታተያ ሠንጠረዥ የሚባል አለ። ወባ የተገኘባቸው ሕመምተኞች ቁጥር በየሳምንቱ በነጥብ ይመለከትበታል፤ ነጥቦቹ ሲያያዙ መስመር ይሆናሉ። ከእርሱ ጋራ አንድ ሌላ መስመር ተሠምሮ ይገኛል። ይኸኛው የወሰን መስመር ነው፤ የሚሠራውም ባለፉት አምስት ዓመታት በየሳምንቱ ከተመዘገቡት ቁጥሮች በትልቅነት ሁለተኛው እየተመረጠ ነው። የዘንድሮው መስመር ይኸን ወሰን ሲሻገር ወረርሽኝ ጀምሯል ይባላል።

እንግዲህ ሁለት ነርሶችን እናስብ። ሁለቱም ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው እንበል። አንደኛዋ በየሰኞው ቁጥሩን ከመዝገብ ትገለብጣለች፣ ነጥቡን ታኖራለች፣ ሪፖርቱን ለበላይ ትልካለች፤ ሥራዋንም በሚገባ እንደ ሠራች ታምናለች። ሐሰት የላትም፤ የታዘዘችውን ፈጽማለች። ሁለተኛዋም ነጥቡን ታኖራለች፤ ከዚያ ግን ቆም ብላ ትመለከተዋለች። መስመሩ ወሰኑን ገና ሳይነካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽቅብ መሄዱን ታያለች። መዝገቡን መልሳ ትገልጣለችና ሕመምተኞቹ ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው ጎጥ እንደ መጡ ትቆጥራለች። አብዛኞቹ ከአንድ ጎጥ ሆነው ታገኛለች። በዚያ ጎጥ ለምታገለግለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ትደውላለች። የወባ መመርመሪያውና መድኃኒቱ ስንት ሳምንት እንደሚበቃ ከመጋዘን ታረጋግጣለች፤ የመድኃኒት መጠየቂያው የሚላከው በየሁለት ወሩ ስለ ሆነ፣ ተራውን ብትጠብቅ መደርደሪያው ባዶ እንደሚሆን ዐውቃ የአስቸኳይ መጠየቂያ ታጽፋለች። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ታነጋግራለች፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ስለ አጎበርና ስለ ረጋው ውሃ ጥቂት ቃል እንዲነገር የደብሩን አስተዳዳሪ ትለምናለች።

ይህችኛይቱ መሪ ናት። ወንበርም ማኅተምም የላትም። ከመጀመሪያይቱ የሚለያት የሕክምና ዕውቀት አይደለም፤ ያየችውን ነገር የራሷ ጉዳይ ማድረጓና ሰዎችን ማንቀሳቀስ መቻሏ ነው። ይኸም ከተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ሀብት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። ነጥብን ማንበብ፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ፣ ለአንድ የቀበሌ ሹም በአጭር ቃል ማስረዳት፣ ስብሰባን በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ማን ምን እንደሚሠራ መለየት፤ እነዚህ ሁሉ ልክ እንደ መርፌ አሰጣጥ የሚለመዱ ሙያዎች ናቸው።

ጉዳዩ ምን ያኽል ከባድ እንደ ሆነ ለመገመት ወደ ኋላ እንመልከት። ከ1950 ዓ.ም. ሰኔ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያኽል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያኽል ሰው እንደ ፈጀ በጊዜው ተገምቷል። ወባ ዛሬም አልለቀቀንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ብቻ በኢትዮጵያ ከሰባት ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በወባ ሲታመም፣ የሞቱት 1,157 ናቸው። የታመመው ሰው ቁጥር በልጦ ሳለ የሟቹ እንዲህ ማነሱ መመርመሪያና መድኃኒት እስከ ቀበሌ ድረስ በመውረዱ ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒት በራሱ እግር አይሄድም፤ በጊዜው ቆጥሮ በጊዜው የሚጠይቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነርሷ ናት።

ይኸ ነገር ለእኛ አዲስ እንዳልሆነ ወጣቶች አንባቢዎቻችን እንዲያውቁት እንወዳለን። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ያሠለጥን የነበረው ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ጠባቂዎችን ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በደንቢያ ወባ አያሌ ሕዝብ ፈጅቶ ስለ ነበር ትምህርቱ ከሰው ኑሮ እንዲርቅ አልተፈለገም። ሦስቱም ዓይነት ተማሪዎች እንደ ቆላ ድባ ወዳሉት ጤና ጣቢያዎች በቡድን እየወጡ ይለማመዱ ነበር። ነርሷ ከቤት ወደ ቤት ትሄዳለች፤ ወላዷን፣ ሕፃኑን፣ የውሃውን እንስራ ትመለከታለች፤ ያየችውንም ለጓደኞቿ ተናግራ አብረው ይመክራሉ። ስለ መሪነት የተለየ መጽሐፍ ሳይሰጣት መሪነትን ትለማመድ ነበር ማለት ነው።

በሌላው ዓለምም ያው ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በእስኩታሪ ሆስፒታል ስላበራችው መብራት ልጆች ሁሉ ይማራሉ፤ ስለ ቁጥሯ ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወታደሮቹን ይበልጥ የገደለው ቁስል ሳይሆን በሽታ መሆኑን በሥዕል አድርጋ ለእንግሊዝ ሹማምንት አቀረበች፤ እነርሱም ሊክዱት አልቻሉም። መብራቷ ቀርቶ ሠንጠረዧ ቢነገርላት እኛ በወደድን ነበር።

የቅርቡን ምሳሌ ለሚሻ ደግሞ አባይን ተከትሎ ይውረድ። ከጣና የሚወጣው ውሃ ሱዳንን አቋርጦ በሚደርስበት በግብፅ አስዋን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ለሐኪሞችና ለነርሶች የመሪነት ሥልጠና ተጀመረ። ሠልጣኞቹ ከየጤና ጣቢያቸው በቡድን ሆነው መጡ። እያንዳንዱ ቡድን በገዛ ጤና ጣቢያው ካየው ችግር አንዱን መርጦ፣ ለክቶ፣ በየወሩ እየተገናኘ መፍትሔ እንዲፈልግ ተደረገ። የውጭ አገር ርዳታ ባለቀ ጊዜ ሥራው አልቆመም፤ የአገሬው ሐኪሞችና ነርሶች ራሳቸው ቀጠሉት። በአስዋን ክፍለ ሀገር በ2005 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 85 እናቶች ይሞቱ የነበረው፣ በ2007 ወደ 36 ገደማ ወረደ። ይኸ ሁሉ የሥልጠናው ፍሬ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን የወሊድን ሞት መርጠው የተነሡት እነዚያው ቡድኖች ነበሩና ድርሻ የላቸውም ማለትም አይቻልም።

በእኛም አገር ከዚያ ወዲህ ለጤና ሠራተኞች የአመራር ሥልጠና መሰጠቱ አልቀረም። ነገር ግን ልማድ ሆኖ ብዙው ሥልጠና የሚሰጠው በሆቴል አዳራሽ ነው። ነርሷ ጤና ጣቢያውን ለባልደረቦቿ ትታ ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች፤ አምስት ቀን ተቀምጣ ታዳምጣለች፣ የውሎ አበሏን ፈርማ ትቀበላለች፣ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ትመለሳለች። አበሉን አንነቅፍም፤ ደሞዟ ጥቂት መሆኑ ይታወቃል። የምንነቅፈው፣ የግድግዳው ሠንጠረዥ በሌለበት አዳራሽ ስለ ሠንጠረዥ መማሯን ነው። ስትመለስም አብራት ያልሠለጠነችው ባልደረባዋ ምን እንደምትል አታውቅም፤ ኃላፊዋም እንደዚያው። በሁለተኛው ወር ሁሉም እንደ ቀድሞው ይሆናል።

ከዚህ የባሰ ሌላ ልማድ አለን። አንዲት ነርስ ጎበዝ መሆኗ ሲታይ ወደ ቢሮ ትዛወራለች። ሹመት ነውና እንኳን ደስ ያለሽ ትባላለች፤ መሸንቲ ላይ ሠንጠረዡን ስታነብ የነበረችው ዓይን ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ታነባለች። ለነርስ ዕድገት ማለት ከሕመምተኛ መራቅ ሆኖ እስከ ቀጠለ ድረስ፣ በየጤና ጣቢያው የሚቀሩት ወይ ጀማሪዎች ወይ ተስፋ የቆረጡ ይሆናሉ። በሥራ ቦታዋ ሳለች ደረጃዋና ደሞዟ የሚያድግበት መንገድ ሊበጅላት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከዓለም ነርሶች ከአሥሩ ዘጠኙ ሴቶች ሆነው ሳሉ በአመራር ላይ የሚገኙት ሴቶች ጥቂት መሆናቸውን ገልጧል። ጉድለቱ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ይሁንና የጋራ መሆኑ አያጽናናንም።

«ነርስ ይኸን ሁሉ ኃላፊነት ትችለዋለችን?» የሚል ቢኖር አንድ ነገር እናስታውሰው። በአማራ ክልል ትራኮማ ከየትኛውም የአገራችን ክልል ይበልጥ ተስፋፍቶ ኖሯል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን እየቧጨረ ሊያሳውረው የደረሰውን ገበሬ በየጤና ጣቢያው ቆብ ቀዶ የሚያድነው ሰው በአብዛኛው የአንድ ወር ያኽል ልዩ ሥልጠና የወሰደ ነርስ ነው። በዓይን ላይ ምላጭ እንድትይዝ አምነናታል፤ ለተበላሸ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ለመጥራት ግን የሦስት ሰው ፊርማ እናስጠብቃታለን። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ ፊርማው እስኪሰበሰብ አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። ጤና ጣቢያዎች ከሚሰጡት አገልግሎት የሚሰበስቡትን ገቢ በቦርዳቸው ፈቃድ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉት በሕግ ተፈቅዶላቸዋል። ነርሷ ቦርዱ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ገቢው ስንት እንደ ሆነ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ ብትማርና ለትንንሽ አስቸኳይ ወጪ በተወሰነ ልክ እንድታዝ ቢፈቀድላት፣ ብዙ ነገር ወደ በላይ ሳይላክ ባለበት ያልቃል። ሥልጣን የሌለበት የመሪነት ትምህርት ቀንበር ሳይሰጡ እረስ እንደ ማለት ነው።

ደግሞም ሌላ ምክንያት አለን፤ ለመናገር ደስ ባይለንም መሠወር አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክና አምቡላንስ የማይገኝበት ቀን ብዙ ሆኗል። በዚያ ቀን ከባሕር ዳር ሐኪም አይመጣም፤ ትእዛዝም አይመጣም። ከወላዷ ጋራ የምትቀረው ነርሷ ናት። ደም እንዳይፈሳት የሚሰጠው መድኃኒት በመደርደሪያው መኖሩን ባለፈው ሳምንት አይታ እንደ ሆነ፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎልማሶች በየጎጡ እንዲዘጋጁ ቀድማ ተነጋግራ እንደ ሆነ፣ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

በነርስነት ትምህርት ላይ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ለልምምድ ወደ ጤና ጣቢያ ስትላኩ የሕመምተኛ ካርድ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ፤ መዝገቡን ገልጣችሁ አንድ ጎጥ ምረጡና በሽታው ከየት እንደሚነሣ ቁጠሩ። በጤና ጽሕፈት ቤት የተመደባችሁ ወጣት ሹማምንትም ለጉብኝት ስትወጡ «ሪፖርት ልካችኋል?» ከማለት በፊት ነርሷን ወደ ሠንጠረዡ ወስዳችሁ «ይኸ መስመር ምን ይነግርሻል? አንቺስ ምን አደረግሽ? እኛስ ምን እናድርግልሽ?» ብላችሁ ጠይቋት።

አንድ ጤና ጣቢያ በአብዛኛው አምስት ያኽል ጤና ኬላዎችን ይረዳል። ነርሷ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛውና የየኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚያው በጤና ጣቢያው በወር አንድ ከሰዓት ተሰብስበው አንድ ችግር ብቻ ይዘው ቢለማመዱ፣ አሠልጣኝም ከባሕር ዳር ወደ እነርሱ ቢሄድ፣ የሚጠይቀው ወጪ ከሆቴሉ አዳራሽ ኪራይ አይበልጥም። በጀቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ወባ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ይነሣል። በመካከሉ ሁለት ወር አለ።