ሲንቄና ኪቦርድ

ሮቤ ወይም ጎባ ሠርግ ተጠርተው ሙሽራዋ ቀጭን በትር ይዛ ቢያዩ አይደነቁ። በአርሲና በባሌ ኦሮሞ ባህል እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ ታስይዛታለች። ሲንቄ ጌጥ አይደለም፤ የባለትዳሯ መብትና ክብር ምልክት ነው። ሰዎች ሲጣሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ከቆሙ ጠቡ መብረድ አለበት።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ከሲንቄው ጋር የሚወጣው ዜማ፣ አቴቴ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ፈጣሪን ይለምኑበታል፤ ልጅ ላጣችውም ይማጸኑበታል። ችሎትም ነው። ከባሌ ደጋ ወደ ምዕራብ ኮኮሳ ላይ፣ አንዲት ሚስት ከተደበደበች ወይም ከተዋረደች ሴቶች ተሰባስበው በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጥፋቱን በግጥም ይነግሩታል፤ ይወቅሱታል። ይቅርታ ጠይቆ ሲክስ ዜማው ወደ ምርቃት ይዞራል። ከሳሿም ጠበቃዋም ዘፋኟም እነሱው ናቸው!

ታዲያ ይህ ዜማ ስቱዲዮ ቢገባስ? «ባህል አይነካ» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከጎጃም፣ ከቻግኒ የወጣችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የሰየመችውን አልበም ስታወጣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርን የመሳሰሉ የጃዝ ሰዎችም ተጫውተውበታል። እንግዳ መሣሪያ ሁሉ ሲከባት የአገር ቤቱ ዜማ አልተዋጠም። ጊታሩ እሷን ተከተለ እንጂ እሷ ጊታሩን አልተከተለችም።

የአቴቴ ፈተና ግን ከዚህ ይከብዳል። ኪቦርድ ዜማውን ይጫወታል፤ ተቀባዮቹን አይተካም። ድምፃዊቷ ማይክራፎን ይዛ ብቻዋን የቱንም ያህል ብታዜም፣ ተቀባይ ጎረቤት ከሌለ ዘፈኑ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የእናቷን ዜማ ከዘመናዊው ጋር ማዋሐድ የምትሻ የባሌ ወጣት ብታማክረኝ፣ «ሴቶቹን ይዘሽ ስቱዲዮ ግቢ» እላት ነበር። ስማቸው በአልበሙ ላይ ይጻፍ፤ ድርሻቸውም ይከፈላቸው። «የሕዝብ ዜማ» እያሉ በነፃ መውሰድ የለመደብን ክፉ አመል ነው።

እርስዎስ? አቴቴ የሚያውቁ አያት በቤትዎ ካሉ፣ ስልክዎን ለፎቶ ብቻ አያውጡት፤ ድምፃቸውን ይቅረጹ። ማን በደለ፣ ማን ይቅርታ ጠየቀ፣ ካሳውስ ምን ነበር ብለውም ይጠይቋቸው። አያት ሲያወጡ መቀበሉን ለልጆቹ ይተዉላቸው።