በአንድ ቤት ሁለት ሕሙማን
ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ መጃጀት አስታማሚዎች ሊያውቁት የሚገባ

የሰው ገላው ሲታመም ጎረቤት ሁሉ ይሰማል፤ ጠያቂውም ከቅርብና ከሩቅ ይመጣል። አእምሮው ሲታመም ግን ቤተ ሰቡ አፍሮ በሩን ይዘጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ ነገር ግን ተረቱን ለሌላው እንተርታለን እንጂ ለቤታችን አንሠራበትም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ሁለት ሕመሞች ለአስታማሚዎች ጥቂት ልንነግራችሁ አሰብን።

በደቡብ ጎንደር፥ በእስቴ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር ብዙውን ጊዜ ሦስት ትውልድ በአንድ ግቢ ይኖራል። እንዲህ ባለው ግቢ የሃያ ዓመት ጎልማሳ አእምሮው ሲታወክና አያቱ ሲጃጁ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን ሊገጥሙ ይችላሉ። የሁለቱም አስታማሚ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት፤ ለአንዱ እናት፥ ለሌላዪቱ ምራት ወይም ልጅ ትሆናለች። እርስዋም ደክማ ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ብትይዛቸው አይፈረድባትም፤ ነገር ግን ከዚህ ብዙ ጉዳት ይመጣልና መለየቱን ማወቅ ይገባል።

በተለምዶ እብደት የምንለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። ሕመምተኛው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ሊጎዱኝ ይፈልጋሉ እያለ ዘመዱን ይጠረጥራል፤ እንቅልፍ ያጣል፤ ብቻውን ይናገራል፤ ገላውንና ልብሱን መጠበቅ ይተዋል። መጃጀት ወይም የመርሳት በሽታ የሚባለው ግን የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ሆኖ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። አሮጊቷ የልጅነታቸውን ነገር አሳምረው ሲያወሩ ጧት የበሉትን ይረሳሉ፤ አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምሩበታል፤ ዕድሜ ልካቸውን በሄዱበት መንገድ ይጠፋሉ። ይህን ተራ እርጅና ነው ብሎ መተው አይገባም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር ከዚህ በሽታ ዓይነቶች ዋናውን መርምሮ አስታውቋል፤ ሌላው ዓይነት ደግሞ ከደም ብዛትና በአንጎል ውስጥ ካለው የደም ሥር መዘጋት የሚመጣ ነው።

ከነዚህ ከሁለቱ የተለየ ሦስተኛም ነገር አለ። ትላንት ደኅና የነበሩ አዛውንት ዛሬ በድንገት ቢቃዡ፥ ሰው መለየት ቢያቅታቸው፥ አንድ ጊዜ ፈዝዘው አንድ ጊዜ ቢነሣሡ፥ ይህ እርጅናም መጃጀትም አይደለም። ምክንያቱ ምናልባት የሳንባ ምች፥ የሽንት መታወክ፥ ወባ፥ የውሃ ጥማት ወይም የተወሰደ መድኃኒት ነው። በዚህ ጊዜ ነገ እናየዋለን ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ከታወቀ ብዙ ጊዜ ይድናልና።

አሁን ከሁሉ አብልጠን ልናስጠነቅቃችሁ ወደምንወደው እንመለስ። ለልጁ የታዘዘው ኪኒን በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ አያቱ ሌሊት እየተነሡ ሲዞሩና ሲጮኹ፥ እናቲቱ ለእሳቸውም ከዚያው ብትሰጣቸው የሚያስተኛ መስሎ ሊታያት ይችላል። ይህን አታድርጉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. 17 ያህል ምርመራዎችን አመሳክሮ ሲያስታውቅ፥ የመርሳት ሕመም ካለባቸው ሽማግሌዎች አሥር ሳምንት በሚያህል ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ከወሰዱት ከ100 ወደ 4.5 ሲሞቱ፥ ካልወሰዱት ግን ወደ 2.6 ብቻ ሞተዋል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ማስጠንቀቂያው ለቀድሞዎቹ መድኃኒቶችም ጭምር እንዲሆን ተደረገ። ሐኪም ራሱ አይቶ፥ ታላቅ አደጋ ሲኖር፥ በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ የሐኪሙ ሥራ ነው። እንዲሁም ልጁ ሰውነቱ ሲገትር ወይም እጁ ሲንቀጠቀጥ የሚሰጠው ማላልያ ኪኒን የአዛውንትን ማስታወስ የሚያደበዝዝ ነውና ለእሳቸው ከቶ አይሰጥ።

ታዲያ አዛውንቷን በምን እንርዳቸው? ያለፈውን ማስታወስ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም፤ ነገር ግን ብዙ ነገር በቤት ሊደረግ ይቻላል። መብላት፥ መተኛት፥ መነሣት በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን። ሌሊት ትንሽ መብራት ይኑር። ምድጃው ይከለል፤ ጕድጓዱ ይከደን፤ ደጁም ይጠበቅ። ሲሳሳቱ በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ በለዘበ ቃል ወደ ሌላ ነገር መሳብ ይሻላል። የሞተውን ባላቸውን ቢጠሩ፥ ሞቷልኮ ብሎ ደጋግሞ ማስታወቅ በየጊዜው አዲስ ለቅሶ ማድረግ ነው። ድንገት ቢቈጡ ወይም ቢረበሹ፥ ምናልባት ጥርሳቸውን ወይም ሆዳቸውን አሟቸው ይሆናል፤ መናገር ያልቻለ ሰው ሕመሙን በጠባዩ ይናገራልና።

የልጁ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት በፓሪስ ከታየ ወዲህ፥ ይህ ሕመም በመድኃኒት የሚረዳ ሆኗል። መድኃኒቱ ድምፁን ያርቃል፤ እንቅልፍ ይመልሳል። ሕመምተኛው ተሻለኝ ብሎ ባቆመ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ይመለሳልና፥ ያለ ሐኪም ፈቃድ ማቆም አይገባም። ኪኒኑን የሚረሳ ቢሆን በየወሩ የሚሰጥ መርፌ አለ። መድኃኒቱ ቢከብደው ወይም ቢያስገትረው ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይስተካከላልና። ደግሞም ሞትን የሚመኝ ቢሆን ገመድንና የተባይ መርዝን አርቁ፤ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

ስለ ሰንሰለትም እንናገር። ወላጅ ልጁን የሚያስረው ጨክኖ ሳይሆን፥ እንዳይጠፋና እንዳይጎዳ ፈርቶ፥ ሌላ መላም አጥቶ ነው። ይህንንም በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ የተደረገ ሥራ አሳይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2010ዎቹ ዓመታት በዚያ ወረዳ በጤና ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች የአእምሮ ሕመምን ማከም ተምረው ሥራ ጀመሩ። ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት ከ100 ሕሙማን 25 ያህሉ ታስረው ወይም ተዘግቶባቸው ነበር፤ ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ ግን ቍጥሩ ወደ 11 ወረደ። ቤተ ሰቡ ያው ቤተ ሰብ ነው፤ የተለወጠው ሕክምናው መቅረቡ ነው። ቀጥሎም ከአገሩ ሰው መካከል የተመረጡ ሠልጥነው በየቤቱ እየዞሩ ሕሙማኑን ወደ ሥራና ወደ ጎረቤት እንዲመለሱ ሲረዷቸው፥ የዕለት ኑሯቸው እንደ ተሻሻለ በ2022 ዓ.ም. ታውቋል።

ወደ ጠበል መሄድን የሚከለክል ሐኪም አናውቅም፤ ኪኒኑም አብሮ ይሂድ። ሕመምተኛውን በጾም ማዳከም ወይም ውሃ መከልከል ግን ጉዳት ነው፤ የነፍስ አባትን ብታማክሩ ለታመመ ሰው ምሕረት እንዳለ ይነግሯችኋል።

በቀድሞው ዘመን የመካነ ኢየሱስ ሰው ለእንዲህ ያለው ሕመም የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ መድረስ ነበረበት። ያም ሆስፒታል ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየና ለብዙ ዓመታት በአገሩ ብቸኛ የነበረ ነው። ዛሬ ግን መንገዱ የሚጀምረው በቀበሌው ጤና ኬላና በጤና ጣቢያው ነው፤ ከዚያም ወደ መካነ ኢየሱስ ሆስፒታል፥ ሲብስም ወደ ደብረ ታቦር ይላካል። ስትሄዱም ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ምን እንደ ተወሰደ ለይታችሁ ንገሩ፤ ኪኒኖቹንም ከነመያዣቸው ይዛችሁ ሂዱ።

በመጨረሻም የምንለምናችሁ ስለ አስታማሚዋ ነው። ሁለት ሕሙማን የያዘች ሴት ሌሊት አትተኛም፤ ገበያም ለቅሶም አትደርስም። ወንድሞችና እኅቶች፥ ጎረቤትና የዕድር ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ተራ ገብተው ቢተኳት፥ ለእርስዋ ዕረፍት፥ ለሕሙማኑም ሕክምና ነው። የሁለቱም ኪኒን በየስሙ ተለይቶ፥ በየራሱ ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ይህንም ዛሬውኑ ማታ አድርጉት።