ለአንዲት ጎማ
ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ፣ ጀሪካን ስንሸከም ውለን የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እየሰማን መተኛታችን አይገባኝም። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብትወድቅ በቀን 20 ሊትር ገደማ ትሆናለች፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው። በእጀታ በሚዞረው በተለመደው ቧንቧ ላይ ጥፋተኛዋ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ያለችው ትንሽ ክብ ጎማ ናት። እኛው ያለ የሌለ ጉልበታችንን አውጥተን ስናጠብቅ እንጨፈልቃታለን፤ ውሃው ጠፍቶ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ደለልም ይበላታል። ጥገናው መፍቻና ካቻቢቴ ላለው ሰው ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ያልቃል፦ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ መዝጋት፣ ቧንቧውን ከፍቶ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ፣ የላይኛውን ክፍል ፈትቶ ጎማዋን መቀየር። አሮጌዋን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፤ በግምት የተገዛች ጎማ አትገጥምም። አዲሷ ገብታም ካፈሰሰ የምታርፍበት ብረት ተቦርቡሯል፣ ያኔ ቧንቧውን መለወጥ ነው። ቧንቧን በራስ እጅ መጠገን ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሳያውቅ ብሬከር የሚነካካ ጀግና አላደንቅም፣ እሱን ለባለሙያው ተዉት። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ፣ ጎማ ስትቀይሩ ካቻቢቴውን ለሴቷም ልጃችሁ አቀብሏት።